ሁለት ተማሪዎችን ፍለጋ፦ ከደሴ እስከ ወልድያ

ከደሴ የተነሳሁት ሁለት ተማሪዎቼን ለመፈለግ ነው። ጦርነቱ ከአካባቢው ራቅ ብሎ ዩኒቨርሲቲያችን የተበተኑ ተማሪዎቹን መልሶ ሲጠራ፣ ከኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ወንዶቹ ከሞላ ጎደል ተመለሱ። ሴቶቹ ድሮም ጥቂት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹም ሁለቱ ቀሩ። አንዷ ዘይነባ፣ የግራና ገበሬ ልጅ፤ ሌላዋ ትዕግሥት፣ የወልድያ መካኒክ ልጅ። ሁለቱንም ከጦርነቱ በፊት የንድፈ ሐሳብ ትምህርት አስተምሬያቸዋለሁ። ዘይነባ በፈተና ከክፍሉ አንደኛ ነበረች።

ስልካቸው አይጠራም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ዘይነባ፣ «ገጠር አይደል? ድረዋት ይሆናል» አለኝ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወሬ ተሻገረ። ምዝገባው ሊዘጋ የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ። ፈቃድ ጠይቄ፣ በማግስቱ ጠዋት መነኸሪያ ወረድኩ።

እስከ መርሳ

ሚኒባሱ በኬላዎች እየቆመ ሐይቅንና ውጫሌን አለፈ። ነዳጅ የሚገኘው በጀሪካን ከሚሸጡ ሰዎች ስለነበር ታሪፉ እጥፍ ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም። የተቃጠሉ መኪኖች ከመንገዱ ዳር ተገፍተዋል። በአንዱ ላይ ሰው ያጠበውን ልብስ አስጥቶበታል።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘሃራ የሚባሉ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ነበሩ። ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ተማሪዎቼ ቀርተውብኝ ነው፤ ልፈልጋቸው።»

«ወንዶች ናቸው?»

«ሴቶች ናቸው። ኤሌክትሪክ ነው የሚማሩት።»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ምሰሶ ላይ ይወጣሉ?»

«ካስፈለገ ይወጣሉ።»

«ይውጡ እንጂ» አሉ። «በጨለማ ስንቀመጥ ስንት ጊዜያችን። መብራቱን ያምጡልን እንጂ ማን ወጣ ማን ወረደ ምን አገባን።»

መርሳ ስንደርስ ካላቸው ብርቱካን ሁለት ሰጡኝ፤ «ለመንገድሽ፣ አላህ ያገናኝሽ» ብለውኝ ወረዱ። ከተማው ገበያ ውሏል። የተሰበሩ የሱቅ በሮች በቆርቆሮ ተለጥፈዋል፤ በየደጃፉ ፓፓያና ማንጎ ተከምሯል። ሽሮ በልቼ፣ ወደ ግራና የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተጣብቤ ገባሁ።

ግራና

ከዋናው መንገድ ከወጡ በኋላ አቧራው ያፍናል፤ ከአቧራው ጀርባ ግን በመስኖ የለማ ሽንኩርት ሜዳውን ሞልቶታል። የዘይነባን ቤት ገበያው አጠገብ የጠየቅኳቸው ሰዎች አሳዩኝ። የበሩ ብረት በጥይት ተበሳስቷል። አባቷ ጋሽ ሁሴን ሽበታም፣ ረጅም ሰው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተደናገጡ።

«ትምህርት ቤቱ ተዘጋ እንዴ?»

«አልተዘጋም። ዘይነባ ሳትመለስ ቀርታ ነው የመጣሁት።»

ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ባለቤታቸው የማሽላ እንጀራ በወተት አቀረቡልኝ። በመንገድ ላይ ሁሉ ለአባትዬው የምለውን ስደረድር ነበር፦ ስለ ጋብቻ ዕድሜ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት። አንዱንም ሳልናገር ጋሽ ሁሴን ቀደሙኝ።

«መምህርት፣ እኔን ሊለምኑ ከሆነ የመጡት ተሳስተዋል። ዱዓ አድርጌ፣ ሻንጣዋን ተሸክሜ መርሳ ድረስ ሸኝቻታለሁ። መኪናው ሲሞላ፣ አልሄድም ብላ አብራኝ ተመለሰች። ለምን ብላት አትነግረኝም። እስቲ ለእርስዎ ትንገርዎ።»

ዘይነባን ሽንኩርት ማሳው ውስጥ አገኘኋት። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደስ ያላትም ያፈረችም ይመስል ነበር። ቦዩ ዳር ተቀመጥን።

«ጦርነቱ ነው ያስቀረሽ?» አልኳት።

«ለሰው እንደሱ ነው የምለው። ይቀላል።»

እጇ ላይ የቀረውን ጭቃ በቦዩ ውኃ እያጠበች ቀጠለች።

«ሚስ፣ ላብራቶሪ ስንገባ በአንድ ጠረጴዛ አምስት ሆነን ነው። እነሱ ሽቦውን ያገናኛሉ፣ መለኪያውን ይይዛሉ። እኔ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሁልጊዜ እጽፋለሁ። ፈተና ላይ ጥሩ አመጣለሁ፤ መሣሪያው ሲሰጠኝ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል፤ ነክቼው አላውቅማ። ወርክሾፕ ደግሞ ሒጃብሽን ማሽን ይይዘዋል ብለው አስወጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይይዘዋል። ታዲያ ምን ለብሼ ልግባ ስላቸው ግን የመለሰልኝ የለም። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወንዶቹ ሲሠሩ በመስኮት አየሁ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን ልንገር? ምሩቅ ሆኜ ሰው ፊት ከማፍር፣ እዚሁ ሽንኩርቴን ብኮተኩት ይሻላል ብዬ ነው።»

የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ከንቱ ሆነ። እኔ በተማርኩበት ክፍል ሁለት ሴቶች ነበርን። ጓደኛዬ በሁለተኛው ዓመት ወደ አካውንቲንግ ተዛወረች፤ ትምህርቱ ከብዷት ነው ተባለ፤ በዚያው ተዘጋ። እዚያ ቦይ ዳር ተቀምጬ፣ እሷም ስንት ሪፖርት ጽፋ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ንዴት ያዘኝ፤ ግን ንዴት ለዘይነባ የሚረባት ነገር አልነበረም።

«ነገ ወልድያ ትዕግሥትን ልጠይቅ እሄዳለሁ» አልኳት። «አብረን እንሂድ?»

ጦርነቱ ከመጣ ጀምሮ ስለ ጓደኛዋ ምንም አልሰማችም። እሺ አለች። አባቷም፣ «ሂጂ፤ ደኅና መሆኗን እወቂ» ብለው ፈቀዱ። ያን ቀን እነሱው ቤት አደርኩ።

ወልድያ

በመንገድ ላይ ዘይነባ ትምህርቱን ለምን እንደመረጠች አወራችኝ። አጎቷ ወልድያ አጠገብ ባለችው ሐራ ከተማ ይኖራል። ልጅ ሆና እሱ ዘንድ ስትሄድ የባቡር ሐዲዱ ይሠራ ነበር። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው ሲሏት አላመነችም፤ እቤታቸው አምፖል እንኳ አልነበረማ። ማን እንደሚሠራው ለማየት ሠራተኞቹን ቆማ ትመለከት ነበር። በመካከላቸው ሴት አላየችም፤ ያኔ ግን አልገረማትም።

ወልድያ ገና በከፊል ነው ያገገመችው። መስኮታቸው የረገፈ ሕንፃዎች ሥር ሱቆች ተከፍተዋል፤ ጄኔሬተር በየቦታው ይጮኻል። የትዕግሥት አባት ጋራዥ ከመነኸሪያው ብዙም አይርቅም። ስንደርስ ትዕግሥት ሰፊ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ አንድ ባጃጅ ሥር ተንበርክካለች። ቱታው የአባቷ ነበር። አባቷ፣ ሰፈሩ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ ሞተዋል።

ዘይነባ ይህን አታውቅም ነበር። «አላህ ያጽናሽ» ብላ አቀፈቻት፤ ሁለቱም ብዙ አለቀሱ። እኔም አብሬ።

ስንረጋጋ ትዕግሥት ስለ ራሷ ነገረችን። እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት በዚህ ጋራዥ ገቢ ነው። አባቷ ያሠሯቸው የነበሩ ሁለት መካኒኮች አሉ፤ የሚሰበስባቸው ሰው ከጠፋ ግን ይበተናሉ። «ዘንድሮ አልችልም፣ ሚስ። ትምህርቱን ጠልቼው እንዳይመስልዎት።» ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞረች። «አንቺስ መቼ ገባሽ?»

«አልገባሁም።»

ዘይነባ ለእኔ የነገረችኝን ደገመችላት። ትዕግሥት ፊቷን አጨማደደች።

«እኔ እኮ መለኪያውን ከእጃቸው ነጥቄ ነበር የምወስደው። አንቺስ ምን ያዘሽ?»

«አንቺ ያደግሽው እዚህ ነው» አለች ዘይነባ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «እኛ ቤት መብራት የገባው ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለች ትዕግሥት። ተነስታ ከመደርደሪያው ማልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ አወጣችና ዘይነባ እጅ ላይ አኖረችው። «በይ፣ የዚህ ባጃጅ የፊት መብራት አይበራም። ባትሪው ደኅና መሆኑን እይና ሽቦውን ተከተዪ። እኔ አልናገርም።»

እኔም ራቅ ብዬ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ የመለኪያውን መቀየሪያ በተሳሳተ ቦታ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ራሷ አየችና አስተካከለች። ባትሪው ደኅና ነው። ፊውዙን አየች፤ ደኅና ነው። ከዚያ ሽቦውን ከመሪው ሥር ጀምራ እየለካች ወረደች። ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። የባጃጁ ባለቤት መጥቶ ሊያጣድፋት ሲል ትዕግሥት ሻይ ጠጥቶ እንዲመለስ አሰናበተችው። ሽቦው የተበጠሰው መሪው ከሚታጠፍበት አጠገብ፣ ከሽፋኑ ውስጥ ነበር። ልጣ፣ ገጥማ፣ በፕላስተር ጠቀለለችው። ማብሪያውን ስትጫነው መብራቱ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ።

«ይኸው ነው» አለች ትዕግሥት። «ሌላ ሚስጥር የለውም።»

ዘይነባ ማብሪያውን ደጋግማ አጠፋች፣ አበራች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ሚስ፣ እመለሳለሁ። ግን ሪፖርቱ በተራ ይጻፍ። ወርክሾፕ ምን ለብሼ እንደምገባም እዚያ ሳልደርስ ይነገረኝ፤ በር ላይ ቆሜ መስማት አልፈልግም።»

«ልብሱን ነገ መርሳ እናሰፋለን» አልኳት። «የቀረው የእኔ ሥራ ነው።»

ትዕግሥት ለዓመቱ ማቋረጧን የሚገልጽ ማመልከቻ ጻፈች፤ ቦታዋ እንዲጠበቅላት እኔ ላስገባላት ተቀበልኳት።

መልስ

መርሳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ጭንቅላትና አንገት ላይ ጥብቅ ብሎ ጫፉ ቱታ ውስጥ የሚገባ መሸፈኛ ሰፋልን። እኛ ገበያ ዞረን ስንመለስ አድርሶት ነበር። ዘይነባ ግራና ገብታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ጋሽ ሁሴን እንደገና መርሳ ድረስ ሸኙን። መኪናው እስኪሞላ አልተቀመጡም፤ ሲንቀሳቀስ ነው ፊታቸው የተፈታው።

ደሴ እንደገባሁ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁ። ያ «ድረዋት ይሆናል» ያለኝ ባልደረባዬ፣ «ለሁለት ሴት ብለን አሠራር እንቀይር?» አለ።

«ሁለቱ ስለቀሩ አይደለም» አልኩት። «አንዷን ያስቀራት አሠራራችን ስለሆነ ነው።»

ክርክሩ ረዘመ፤ አንዳንዱም አልተዋጠለትም። ቢሆንም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በላብራቶሪ መሣሪያ መያዝም ሪፖርት መጻፍም በተራ ሆነ፤ የወርክሾፑ የልብስ ደንብም ለሚሸፈኑ ሴቶች የሚሆነውን ጨምሮ በሩ ላይ ተለጠፈ። በመጀመሪያው ቀን ወርክሾፕ አብሬያት ገባሁ። በሁለተኛው አላስፈለግኳትም።

ለዓመታት፣ ሴቶች ምህንድስና ለምን አይመጡም እያልን ስንሰበሰብ ኖረናል። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ የመጡትን ምን እንዳደረግናቸው መጠየቅ እንዳለብን ነው። ጦርነቱ ብዙ አፍርሷል፤ ዘይነባን ያስወጣት በር ግን የእኛው ነበር።

ትዕግሥት ገና ወልድያ ናት። የክፍሉን ትምህርትና መልመጃ በሚኒባስ ሹፌር እልክላታለሁ፤ ሠርታ በሚቀጥለው መኪና ትመልስልኛለች። ወረቀቶቹ ጫፍ ላይ የጣቷ ግራሶ አለ። አርሜ፣ ተከታዩን ጨምሬ እልካለሁ።