ጎርፉ ሲደርስ የሚነሳው ሰው

ልጅ ሳለሁ የከተማችንን ታሪክ የተማርኩት በቆሎ በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤታችን ከቡሬ ዳርቻ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው ወፍጮ ሰፈር ነበር፤ አባዬም የሞተር ወፍጮው ፈጪ ነበር። ያኔ መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋ ስለነበር ከወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ ፋኖስ ይሰቀላል፤ ከገጠር በአህያ ጭነው የመጡት ባለ እህሎችም ተራቸው እስኪደርስ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድደው ይሞቃሉ። የዱቄቱ ብናኝ፣ የናፍጣው ሽታና የቆረቆንዳው ጭስ አንድ ላይ ተደባልቀው ልብሴ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ እናቴ ቀሚሴን አሽትታ የት እንዳመሸሁ ታውቃለች።

የሚያወጉን አያ ፈንቴ ነበሩ። አያ ፈንቴ ወፍጮ ወቃሪ ናቸው፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲዶለዱም በመዶሻና በመሮ እየጠቀጠቁ ጥርስ ያወጡለታል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም እሳቸው ያልወቀሩት ድንጋይ የለም ይባል ነበር። ቀን ሲወቅሩ የዋሉበት ብናኝ ከቅንድባቸው ሳይራገፍ ፍሙ አጠገብ ይቀመጡና፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጀምራሉ። አባዬም አንድ ጆንያ እህል ወፍጮው አናት ላይ ገልብጦ እስኪያልቅ ድረስ ወጣ ብሎ ያዳምጣል።

ወጉ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ማንም ግን ሰልችቶት አያውቅም። ከሞተሩ በፊት ወንዙ ዳር የውሃ ወፍጮ ነበር። ድንጋዩን በሬ ጠምደው ከተራራ ሲያወርዱ አንደኛው በሬ አልሄድም ብሎ ለምጦ መንገድ ላይ እንደተኛ፣ ሰው ሁሉ ሲለምነው እንደዋለ ይነግሩናል፤ እዚህ ላይ ልጆች እንስቃለን። ከዚያ የኑግ ዘይት መጭመቂያው፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ የመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮ ቤቶች እንዴት ወፍጮውን ተከትለው እንደመጡ ያወጋሉ። ሰፈራችን ሰፈር የሆነው በዚያ ድንጋይ ነው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ከወንዙ ውሃ ወደ ወፍጮው የሚያመጣውን የቦዩን መዝጊያ ሲመሽ የሚዘጋ አንድ ሰው ነበረ» ይላሉ። «ያን ቀን አልዘጋም። ጎርፉ መጣ።»

ጎርፉ ወፍጮውን ነቅሎ ወሰደው፤ የሰፈሩ ሴቶች ክረምቱን ሙሉ በእጅ ሲፈጩ መዳፋቸው ተላጠ። እኔ ግን ይህን ከመስማቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር አያለሁ። «ጎርፉ መጣ» ሲባል አባዬ ብድግ ይላል፤ ግንባሩን በክንዱ ይጠርግና አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የተቀመጡት ሰዎችም ዝም ብለው ፍሙን ያያሉ። ያ ሰው ማን ነበር ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ አመሻሽ ላይ ነገሩ ገባኝ። መዝጊያውን ያልዘጋው አባዬ ነው! እናቴን «መዝጊያውን ያልዘጋው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል «ተይ፤ የሰው ገመና አይነሳም» አለችኝ። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻኛል?

ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት መሄድ ተውኩ። የአባዬን እራት ታናሽ ወንድሜ ያደርስለት ጀመር፤ እኔ ጥናት አለብኝ እላለሁ። አባቴን እወደው ነበር፣ አፍርበትም ነበር፤ ሁለቱን ይዞ ማደግ ለልጅ ከባድ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ቤት ውስጥ ያለውን በርና መስኮት ሁሉ ስዘጋ እውላለሁ። ዛሬም ትልቅ ሴት ሆኜ የቧንቧውን ውሃ ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ አያለሁ።

ሰው የሸሸው አይቀርለትም፤ የታሪክ አስተማሪ ሆንኩ፣ ያውም እዚያው ከተማ። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ የከተማዋን ታሪክ ጽፎ በወላጆች ቀን እንዲያነብ ተወሰነ። የጎርፉን ወግ ከየቤታቸው የሰሙትን ተማሪዎቼን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ክብ ድንጋይ አለ፤ ልጆቹ አረፋውን ጠርገው ሲያዩት መሐሉ ቀዳዳ ነው። የውሃ ወፍጮው ድንጋይ! እነሱ ሲጨፍሩ አንዲት ልባም ልጅ ብቻ ደብተሯን አውጥታ «መዝጊያውን ያልዘጋው ሰው ይጣራ» ብላ ጻፈች። በወላጆች ቀን አባዬ የፊተኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

ሰርዢው ልላት ከጅሎኝ ነበር፤ ግን የታሪክ አስተማሪ ሆኖ ታሪክ ሰርዙ እንዴት ይባላል? በማግስቱ ብቻዬን አያ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ መሯቸው አሁንም ከአጠገባቸው ነው።

«አያ ፈንቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ ነበር» አልኳቸው። «ልጆቹ መጥተው ይጠይቁዎታል። የአባቴን ስም አይንገሩብኝ።»

«የአባትሽን? ለምኑ?»

«ለመዝጊያው።»

የአያ ፈንቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የታመሙ መስሎኝ ስደነግጥ ለካስ ሳቅ ነው።

«የኔ ዓለም፣ አባትሽ ያኔ አንቀልባ ላይ ነበር እኮ! እኔ ነኝ ያልዘጋሁት። እጮኛዬ ቤት አምሽቼ። አገር ያውቀዋል፣ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው ማንም የማይጠይቀኝ። እኔም ስሜን መጥራት ቢያቅተኝ ወጉን ደጋግሜ አወራዋለሁ።»

«ታዲያ አባዬ ለምን ይነሳ ነበር?»

«እህሉ ሊያልቅ ነዋ! ድንጋይ ባዶውን ከዞረ ጥርሱን ይጨርሳል፤ የምወቅረው እኔ፣ የሚታመመው የእኔ ወገብ። ወጌን በአንድ ጆንያ ልክ ሰፍቼው ነበር። ጎርፉ ሲመጣ አባትሽ ይነሳል፤ ተስማምተናል።»

እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ዓመተ ምሕረት ሳስተምር የኖርኩ ሴት የአባቴን ዕድሜ ከጎርፉ ዕድሜ ጋር አስተያይቼ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ያመንኩትን አድጌ አልመረመርኩትም። ደስታም እፍረትም አንድ ላይ ያዘኝ፣ ደስታው ግን በለጠ።

ስነሳ አያ ፈንቴ እጄን ያዙኝ። «ልጆቹ በስሜ ይጻፉት» አሉኝ። «እኔም ይውጣልኝ።»

ማታ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ፂሙን እየዳበሰ «ለዚህ ነው ወፍጮ ቤት መምጣት የተውሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ» አለ፣ «በዱቄቴ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር።»

እጁን ይዤ አለቀስኩ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ያቺ ልባም ልጅ ወጥታ አነበበች፤ ስለ ለማጩ በሬ ስታነብ ሰው ሳቀ፣ የአያ ፈንቴን ስም ስትጠራ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ሰውም አጨበጨበላቸው። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎርፉ መጣ» አለች።

ከፊተኛው ወንበር አባዬ ብድግ አለ። ወፍጮውን ካስረከበ ስንት ዓመቱ፤ እግሩ ግን አልረሳም። ቆሞ ግራ ቀኝ አየና አፍሮ እኔን ፈለገኝ። ሰው ሁሉ ለምን እንደተነሳ ግራ ገባው። እኔ ግን ወዴት ሊሄድ እንደተነሳ አውቅ ነበር።