የአክስቴ የክረምት እንቅልፍ

አክስቴ ማጎንበስ አቅቷቸው እግራቸውን ሳጥብላቸው፣ አብጦ ኖሮ በጣቴ የተጫንኩት ቦታ እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ቀረ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ በመንገድ ሥራ ካምፕ ለቻይናዎች ምግብ ያበስሉ ነበር፤ በክረምት ሰውነትን ማሳረፍ የተማሩትም ከነሱ ነው። የእንጦጦ ብርድ ወደ ቀጨኔ ሲወርድ በጊዜ ይተኛሉ፣ ፀሐይ ሳትወጣ አይነሱም። አመሻሽ ላይ በራቸውን ዘግተው እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ።

«እትዬ፣ ዘንድሮስ እንቅልፍ አበዙ» ስላቸው፣

«ክረምት ጉልበት የሚቆጠብበት ነው። ቻይና መንገዱን ቶሎ የሚጨርሰው በምን መሰለሽ?» ብለው ያስቁኛል። እኔም አመንኳቸው።

እግራቸው ማበጡን አይቼ ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ነው የሰማሁት፤ ለካ ኩላሊታቸው እንደታመመ ሐኪም ከነገራቸው ቆይቷል። ድካማቸውን በክረምት አሳበው ደበቁኝ፣ በዚያው ክረምት አረፉ። ጎረቤቶቼ «እንዳትጨነቂ ብለው ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ከዱኝ ነው የምለው። ላስታምማቸው ይገባኝ ነበር፣ እሱን ነፈጉኝ። አሁን በራቸው አመሻሽ ላይም ክፍት ነው፣ የሚዘጋው የለም።

ይሄ በሽታ በዘር ይመጣል ሲሉኝ ደግሞ ፍርሃት ገባኝ፤ ልጆቼን ለማን ጥዬ? እንደሳቸው ግን አልደበቅኩም። ለትልቋ ልጄ ነገርኳትና አብረን ሄደን ተመረመርኩ።

ኩላሊቴ ጤነኛ ነው። ደህና ነኝ።