የሱግና ባልዲና ቀዩ ቁጥር

በእኛ ከተማ ዝናቡ ካበቃ በኋላ የሚመጣው ጥርት ያለ ሰማይ ዕድሜው አጭር ነው። ሩዙ ይታጨዳል፤ ገበሬው ለስንዴው ዘር ስለሚቸኩል ገለባውን እዚያው ማሳው ላይ ያቃጥለዋል። በዝናቡ ወራት ጠፍተው የከረሙት የጡብ ምድጃዎች ይለኮሳሉ። የዲዋሊ በዓል ርችት ይከተላል። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ሰዉ በየመንገዱ ጥግ ያገኘውን ሁሉ፣ አሮጌ ጎማ ሳይቀር፣ እያነደደ ይሞቃል። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቃቅፎ ጣሪያችን ላይ ይተኛል።

ሱግና የማዘጋጃ ቤቱን ግቢ መጥረግ የጀመረችው ባሏ በሞተ ዓመት ነው። ከመጥረጓ በፊት ሁልጊዜ ውሃ ትረጫለች። ባልዲውን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኝ መዳፏ እየዘገነች፣ እህል እንደሚዘራ ሰው ትበትነዋለች። አማቷ ናት ያስተማረቻት። «አቧራው ያልተኛ ደጅ ላይ እንግዳ አይቆምም» ትላት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በግቢው ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ የአየር ብክለት መለኪያ ተተከለ። የለካውን በሩ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ በቀይ ቁጥር ያሳያል። ሱግና ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች። ሲያንስ ደግ፣ ሲበዛ ክፉ መሆኑን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ትሪፓቲ ነግረዋታል።

አምና ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ሁለት ቀን ቀረች። ቁጥሩ ሦስት መቶ አርባ ገባ። ተመልሳ ግቢውን በረጨችበት ማለዳ ወደ ሁለት መቶ ወረደ። በሩ ላይ ሻይ የሚሸጠው ባንሲ አላስቻለውም፤

«ኧረ እዩልኝ! የዚች ከተማ ሳንባ ያለው እማማ ሱግና ባልዲ ውስጥ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ሳቀ። ሱግና ግን አልሳቀችም፤ አመነች። ከዚያ ወዲህ የመለኪያውን ዙሪያ በየማለዳው ሦስት ጊዜ ትረጭ ጀመር። የኒሙን ዝቅተኛ ቅጠሎች ሳይቀር ታጥባለች።

ከእሷ ጋር የምታድገው የልጇ ልጅ ኒሚ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ከዲዋሊ ማግስት ጀምሮ ደረቷ ያፏጫል። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። ሐኪሙ ጭስ በበዛበት ቀን ከቤት እንዳትወጣ አዘዙ፤ ግን ጭስ ያልበዛበት ቀን የት አለ? ሱግና የልጅቷን መምህር ልታነጋግር ሄደች።

«መምህር፣ በዚህ ጭስ ልጆቹን ለምን ትጠሯቸዋላችሁ?»

መምህር ካምና ሻርፗን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። «እኔስ መች ወደድኩ፣ እማማ? ዝጉ የሚሉን ቁጥሩ ሦስት መቶ ሲያልፍ ብቻ ነው። የእናንተ ሰሌዳ ደግሞ ሁለት መቶን አልለቅም ብሏል። ቤት ያቆዩዋት እንዳልልዎ፣ ኒሚ ዐሥር ቀን ቀርታለች። ከዚህ በላይ ስሟ ይሰረዛል።»

ሱግና ዞር ብላ አየች። ከትምህርት ቤቱ በር የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ማማ ድሮ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አሁን እግሩም አይታይም።

በዚያው ሳምንት መለኪያውን የሚያጸዳው ቴክኒሻን መጣ። ጠጋ አለችው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እስከ የት ድረስ ነው የሚያየው? እስከ ጡብ ምድጃዎቹ?»

«ኧረ የት አይቶ! አጠገቡ ያለውን አየር ነው የሚስበው።» ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነካ። «ማነው ደግሞ እዚህ ውሃ የሚያፈሰው? ለካ ለዚህ ነው! አቧራው ሲተኛ ቁጥሩም አብሮት ይተኛል። ጭሱ ግን ከአጥሩ ወዲያ እንዳለ ነው።»

ሱግና ባልዲዋን በሳሪዋ ጫፍ ሸፈነችው።

በማግስቱ ማለዳ ባልዲውን እንደ ልማዷ ሞልታ ወደ ኒሙ ሄደች። ከዚያ መሬት አስቀምጣው አጠገቡ ተቀመጠች። መጥረጊያውንም አላነሣችም፤ አቧራ አስነሥታ ቁጥሩን ከፍ ማድረግም ያው ውሸት መሰላት። ሰሌዳው ሁለት መቶ ሠላሳ አለ። ቆይቶ ሁለት መቶ ሰባ አምስት። እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ውሃው ሄደ፤ ሁለቴም መለሰችው።

ትሪፓቲ በሞተር ብስክሌታቸው ደረሱ።

«ሱግና! ግቢው ምነው ደረቀ? ዛሬ ከአውራጃው ሰው እንደሚመጣ አታውቂም?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ? ሌላ የሚረጭ ሰው የማጣ መሰለሽ?»

«የሚረጭስ አይጠፋም።» አንገቷን ደፋች። «የእርስዎም ትንሹ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ነው አይደል፣ ጌታዬ?»

ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ቀደማቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ባልዲውን አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ።

ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ከትምህርት ቤቱ በመንገዱ ተመለሱ፤ ኒሚ ከሁሉም ኋላ፣ ቀስ እያለች።

«እማማ ሱግና አረጀች በሉኝ!» አለ ባንሲ ከማንቆርቆሪያው ጀርባ። «ቁጥሩ አመለጣት!»

ሻይ ጠጪዎቹ ሳቁ።

«አዎ፣ አመለጠኝ» አለች ሱግና።

ኒሚ መጥታ ባልዲው ጎን ቁጢጥ አለች። ከማለዳ ጀምሮ ሳይነካ የቆየው ውሃ ላይ ስስ ጥቁር ብናኝ ሰፍፏል። በጣቷ ነካችውና ጣቷን አየች።

«አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስንተነፍሰው የከረምነው ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ሱግና፤ የሳሪዋንም ጫፍ በልጅቷ አፍንጫ ላይ አጣፋች። «ነይ፣ ቤት እንግባ።»