በግራ በኩል ያኝኩ

አባቴ ጉንጫቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከመኪና የወረዱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እኔ ዳንግላ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ጃዊ፣ ቆላው ላይ ያርሳሉ። በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ። እዚያው አግብተው፣ እኔን ወልደው፣ እናቴን ቀብረው፣ እዚያው አርጅተዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቃቸው መፋቂያ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ጥርሶቻቸው እየተነቀሉ አልቀዋል። ከተረፉት ውስጥ ላይና ታች ተገናኝተው እህል የሚፈጩት በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት መንጋጋዎች ብቻ ነበሩ። የታመማቸው ታችኛው ነው።

በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። አይቶ ሲያበቃ «ልንቀለው?» አላቸው።

«ተው ልጄ! እሱ ከሄደ ላይኛው ከማን ጋር ያኝካል?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። አደነዘዛቸውና ቦረቦረው፣ አጠበው፤ በመጨረሻም ነጭ ነገር ጠቅጥቆ ሞላው።

«ይህ ጊዜያዊ ነው አባባ። ሥሩን ገና አልጨረስኩትም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሱና በዋናው እንሞላዋለን። እስከዚያው ጠንካራ ነገር እንዳይነኩ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹት፣ ከምግብ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጡ። ሲበሉ ደግሞ በግራ በኩል ያኝኩ።»

አባቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። በግራ በኩል አንድም ጥርስ አልነበራቸውም። ሐኪሙም ወዲያው ትዝ አለው መሰለኝ፣ «እንግዲህ ላላ ያለ ነገር ስጪያቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ብሩሹን ገዛሁላቸው። መጀመሪያ ቀን ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆመው አረፋውን ሲተፉ «ሕፃን አደረግሽኝ» ብለው ተቆጡ። እየቆዩ ግን ከኔ በላይ ጥንቁቅ ሆኑ። ውኃውን ራሳቸው ለብ አድርገው፣ ጨው በጥብጠው፣ ጉንጫቸውን ነፍተው ይቆያሉ። ብሩሹን በዚያች በተሞላችው ጥርስ ዙሪያ የሚያዞሩት ችግኝ እንደሚኮተኩት ሰው ቀስ እያሉ ነበር። ሾርባ፣ ፍትፍት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ አቀርብላቸዋለሁ፤ ጉርሻውን ወደ ግራ ገፍተው በምላሳቸው ድዳቸው ላይ እየደፈጠጡ ይውጣሉ። አንድ ጊዜ ረስተው በቀኝ ነክሰው ማንኪያውን ጥለው ጉንጫቸውን ያዙ። «ምንም አልሆነም፣ ምንም አልሆነም» አሉ፤ እኔን ያጽናኑ ራሳቸውን አላውቅም።

ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ከጃዊ ጎረቤታቸው ደወለ። ሰሊጡ ደርሷል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ካልታጨደ እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል።

«አባባ፣ ጥቂት ቀን እኮ ነው የቀረን። ሐኪሙን አይተው ይሂዱ» አልኳቸው።

«ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም ልጄ። አጭጄ እመጣለሁ።»

ብሩሹንና ጨዉን በፌስታል ቋጥረው ሄዱ። እሳቸው በገቡ በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ። እኛ አገር መንገድ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው የሚጠይቀው መቼ እንደሚከፈት ነው፣ ለሱም መልስ የለም። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። መናኸሪያ እየሄድኩ የጃዊ መኪና ሾፌሮችን እጠይቃለሁ፤ ጫት እየቃሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐኪሙ ዘንድም ሄድኩ።

«በጥንቃቄ ከያዙት ትንሽ ይቆያል» አለኝ። «ግን ውስጡ አላለቀም። ሙሌቱ ከለቀቀ ይመረቅዛል።»

ኔትወርክ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ያለ ዕለት አገኘኋቸው።

«ብሩሹን አልተውኩም፤ ጨዉንም» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው።

«ሙሌቱስ?»

«ጠርዙ ተቆርሷል። ምላሴ ይገባበታል።»

«ምን በልተው ነው?»

«በአላህ፣ ንፍሮ እንኳን አልነካሁም! እንዲያው ዝም ብሎ ነው የለቀቀ።»

እንደጥፋተኛ ማሉልኝ። ጥፋት የለብዎትም ልላቸው ስል መስመሩ ተቋረጠ።

መንገዱ ሲከፈት የእህል ጆንያ በጫነ አይሱዙ መጡ። ፊታቸው በአንድ ወገን አብጦ ቀኝ ዓይናቸው ሊከደን ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ፊቱ ጠቆረ። መግሉን አወጣው፣ መድኃኒት ሰጣቸው፤ እብጠቱ ጎደል ሲል ጥርሱን ነቀለው። የሚሞላ ነገር አልቀረም ነበር።

«ላይኛውስ?» አሉት አባቴ በደም የራሰውን ጥጥ እንደነከሱ።

«እሱ ጤነኛ ነው አባባ።»

«ጤነኛ ሆኖ ምን ሊሠራ?»

ሐኪሙ ለኔ ድዳቸው ሲድን ባሕር ዳር ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራላቸው እንደሚችል ነገረኝ። ድዱ ዳነ። እኔም ሁለት ጊዜ ተሰናድቼ ነበር፤ አንዴ መኪናው ከመንገድ ተመለሰ፣ አንዴ ጭራሽ አልወጣም። ሦስተኛውን ሳነሳባቸው «ተይኝ ልጄ፣ ለቀረኝ ዕድሜ» አሉ። ብለምናቸውም እሺ አላሉም።

አሁን ከኔው ጋር ናቸው። ማሳውን ሌላ ሰው ያርሰዋል። ሰው ባለበት ገበታ አይቀርቡም፤ ድዳቸው ሲንቀሳቀስ እንዲታይባቸው አይፈልጉም። ኢድ ለት ጉበቱን በደቃቁ ከትፌ ሰጠኋቸው፤ አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት ቆይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተፉት። ልብሳቸው ከትከሻቸው ላይ እየሰፋ ሄዷል።

ትናንት ሾርባውን ሳቀርብላቸው አላነሱትም። «መብላት ሰለቸኝ» አሉኝ፣ ሳያማርሩ፣ እንደ ተራ ወሬ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሾርባው ሲቀዘቅዝ ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።