ካሲኖውን የጠበቀችው ኦሮሲያ

ያን የጸደይ ወራት ሳስበው አሁንም ልቤ ይመታል። ገብሱ ገና አላሸተም፤ ነፋሱ ግን ከወትሮው ለስለስ ያለ ነበር። ወይም ለኔ እንደዚያ መስሎኝ ይሆናል። መንደራችን ቫልደሳል ሠርግ የተደገሰበት ቤት ነበር የሚመስለው። ሽማግሌው ሁሉ ፂሙን ተላጭቶ ደጅ ይቀመጣል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር "መጡ!" ይባላል።

የሚጠበቀው ካሲኖ ነው። ከመንደሩ ጀርባ፣ ከገብስ፣ ከበግና ከድንጋይ በቀር ምንም በሌለበት በዚያ የሞኔግሮስ ሜዳ ላይ፣ ካሲኖ ከነሆቴሉ፣ ከነመዋኛው ሊሠራ ነው ተባለ። እኛ የምንጠጣው ውሃ እንኳ በቦቴ ነው የሚመጣልን! ቢሆንም አመንን። እንዲያ ደስ እያለው ማን ይጠራጠራል?

ከሁላችንም በላይ ያመነችው ኦሮሲያ ነች። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የቤተሰቡን በጎች፣ ኋላም የወንድሟን የሊሰርን፣ ስትጠብቅ የኖረች። እሁድ እሁድ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ጊኞቴ የሚባለውን የካርታ ጨዋታችንን ስንጫወት እኔና እሷ ጥንድ ነን፤ ወንዶቹን አንገት እናስደፋለን። ኩባንያው ካርታ አዳዮችን ከአካባቢው መንደሮች መርጦ ሊያሠለጥን ነው ሲባል ከወንበሯ ብድግ አለች።

"እኔ እገባለሁ! ጣራ ሥር ሆኜ፣ የሰው ፊት እያየሁ እሠራለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያየሁት የበግ ቂጥ ነው፤ ይበቃኛል።"

"በጎቹንስ ማን ይጠብቃቸው? ንጉሡ?" አለ ሊሰር።

"አንተ። እግር ፈጥሮልህ የለ?"

"ጉልበቴን ያመኛል።"

"እዚህ ስትመጣ ግን ተሽሎህ ነው የምትመጣው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ለፈተናው ወደ ሳራጎሳ ከተማ አብሬያት ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሻርፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መንገዱን ሙሉ ካርታ ስትበውዝ ነበር። ፈታኟ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ወጣት ናት። አምስት ሰዎች ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠችና "ከግራዎ ጀምረው አንድ አንድ ያድሉ" አለቻት። ኦሮሲያ በወዘች። እጇ ግን የለመደውን ሠራ፤ ከቀኝ ጀምራ ሦስት ሦስት፣ እንደገና ሦስት ሦስት አደለችና፣ አንዷን ካርታ ገልብጣ ከቀረው ክምር ሥር ሸጎጠቻት። ልክ እንደ ጊኞቴ!

"ሴኞራ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እያደልኩ ነዋ! ሌሎቹን ሁሉ የምትገዛዋ ካርታ ይቺ ናት፤ አይታይዎትም?"

እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ፊቴን በቦርሳዬ ሸፈንኩ። ልጅቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኦሮሲያ አልሳቀችም፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ።

"እንደገና ልሞክር" አለች። ሁለተኛውንም አበላሸችው። በሦስተኛው ግን ካርታዎቹ ከእጇ እንደ ውሃ ፈሰሱ።

"ይሄ እጅ እስከዛሬ የት ነበር?" አለች ልጅቷ።

"በግ ሲሸልት።"

ደብዳቤው መጣ። የመሠረት ድንጋዩ እንደተጣለ ሥልጠና ትጀምራለች ይላል። ምን ያልሆንነው አለ! ጮኽን፣ ተቃቀፍን፣ ቄሱ ራሳቸው ወይን ጋበዙን። ኦሮሲያም ዱላዋን ለሊሰር አስረከበች።

ድንጋዩ ግን አልተጣለም። በመስከረም ነው ተባለ፤ ከገና በኋላ ነው ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ሜዳው እንደገና ገብስ ተዘራበት፤ ኩባንያውም ስልክ ማንሳቱን ተወ። ያን ጊዜ ሊሰር ዱላዋን ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አቀርቅሮ ነው የመጣው።

"ነይ እንግዲህ እህቴ። በጎቹ ያውቁሻል።"

"እኔም አውቃቸዋለሁ። ካሲኖው ካልመጣ እኔ እሄድለታለሁ።"

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"ታዲያ በስንት ዓመቴ ልሂድ?"

ለፈታኟ በግል ስልኳ ደወለች። ልጅቷ ገና ድምፅዋን ስትሰማ ሳቀች፤ ጨርሶ አልረሳቻትም። በስተሰሜን፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ ሰው የሚፈልግ ካሲኖ እንዳለ ነገረቻት። በሳምንቱ ማክሰኞ አውቶቡሱ መጣ። ኦሮሲያ ስትሳፈር እኔ እንደ ልጅ እየዘለልኩ እጄን አውለበለብኩ፤ የምሄደው እኔ ነበር የምመስለው። እሁድ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጥ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

የመጨረሻ ወሬዋ የደረሰኝ ካቻምና በገና ሰሞን ነው። ሳንታንደር ውስጥ በአንድ ካሲኖ ካርታ ታድላለች፤ የምትኖረውም እዚያው ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።