ከመጥረጊያ ፀጉር የምትነቅለው ድንቢጥ

ዓረብ አገር፣ ዑረይጃ በሚባል ሰፈር፣ ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት ቤት፣ ልብስ የማሰጣው ጣሪያው ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ግድግዳ ያስደገፍኩትን መጥረጊያ አንዲት ድንቢጥ ስትታገለው አየኋት። በአፏ ነክሳ ወደ ኋላ ትስባለች፣ ትወድቃለች፣ ተነስታ እንደገና ትነክሳለች። እህል የለው፣ ትል የለው፤ ምን ፈልጋ ነው? ሦስት ቀን ግራ ገባኝ።

በአራተኛው ቀን ተጠግቼ ሳይ፣ ከአፏ የተንጠለጠለው ጫፉ ሂና የነካው ረጅም ፀጉር ነው። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ላይ የተጠመጠመ የአሠሪዬ፣ የማዳም ፀጉር። ሳቄ መጣ። ለጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ ለወሎዋ ልጅ፣ ጣሪያዎቹን ከሚለየው ግድግዳ በላይ አንገቴን አውጥቼ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

"እህቴ፣ የማዳም ፀጉር እጅሽ ላይ እንዳይገኝ! ሲሕር ሠራችብን ይሉሻል። በድግምት ተከሳ የታሰረች ልጅ አውቃለሁ።"

ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውን በፌስታል መጠቅለል ጀመርኩ። ግን ዘግይቼ ነበር። አንድ ከሰዓት ማዳም ልብስ ልታስቀምጥ ክፍሌ ገባች። መስኮቱ ላይ ካለው ኤሲ ጀርባ የሆነ ነገር ተንጠልጥሎ አየችና ሳበችው። ድቡልቡል ጎጆ፣ ዙሪያውን በፀጉሯና በቀይ ክር የተጠመጠመ።

ፊቷ አመድ መሰለ። "ይሄ ምንድነው? ሲሕር ነው?"

"ወላሂ፣ ማማ፣ ወፍ ናት!"

"ወፍ የሰው ፀጉር ትጠመጥማለች?" ባሏ ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

ቀሚሷን ይዤ ለመንኳት፤ "ትንሽ ብቻ ጠብቂኝ፣ በአይንሽ ታያለሽ።" ጣሪያው ላይ መጥረጊያውን ከፌስታሉ አውጥቼ አቆምኩት፤ በር ከፈት አድርገን ከኋላው ቆምን። ወፏ የለችም። ማዳም ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ባትመጣስ? ከዚህ ቤት በፖሊስ መኪና ስወጣ፣ እናቴ በስልክ ስትሰማ ታየኝ።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ወፏ መጣች። አንዷን ፀጉር ነከሰች፣ ሳበች፣ ወደቀች፣ እንደገና ሳበች። ይዛም በረረች።

"ሱብሓነላህ!" አለች ማዳም፤ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ማታ ከሲሕር እንዲጠብቀን ብላ ውሃ ላይ ቁርኣን አንብባ ልጆቿንም እኔንም አጠጣችን። ለባሏ አልነገረችም። ከዚያ በኋላ ግን ፀጉሯን የምታበጥረው በር ቆልፋ ነው። እኔም ውሌ እስኪያልቅ ድረስ፣ የግቢው ደወል በጮኸ ቁጥር ፖሊስ መጣ ብዬ የያዝኩት ሰሃን ከእጄ ሊያመልጠኝ ይደርስ ነበር።