ሁለት ጊዜ ዋጋው የወረደ ክፍል

በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ አሜሪካ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ በሚሉት ሰፈር ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ እንኖር ነበር። እኔ፣ ሚስቴና ሦስት ልጆቻችን። ቅዳሜና እሁድ ቫኔን ጭኜ ኬንት ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ እወርዳለሁ። እዚያ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚያይበት ሜዳ ጠዋት ጠዋት ገበያ ይሆን ነበር። ያገለገለ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ሬዲዮ እሸጣለሁ። ሻንጣ ገዢ ፊቱ ያስታውቃል፤ ከቸኮለ አልቀንስለትም። ዝናብ ያራሰው የዚያ ሜዳ ጠጠር ሽታው እስካሁን ይመጣብኛል።

ታላቅ እህቴ እንግሊዝ አገር ሊድስ ትኖር ነበር። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ቤቷ አንዲት መኝታና አንዲት ሳሎን ናት። እንግዳ ከመጣባት አልጋዋን ለቃ ሶፋ ላይ ታድራለች። እኔም አገር ቤት ያደግኩት አልጋዋ ላይ ተኝቼ ነው፤ እሷ የት እንደምታድር መጠየቅ እንደነበረብኝ የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

ስልሳ ሊሞላት ሲል ትልቋ ልጄ በእንግሊዝኛ «የአክስቴ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ። ትምህርት ቤት ይህን ልደት የሚሉትን ነገር አስለምደውብን ነበር። የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት ነው አልኳት። ቆጥረን ስናየው ትምህርት ቤት ዝግ የሆነበት ጊዜ ነው።

«ሶ ለምን ሄደን ሰርፕራይዝ አናደርጋትም?» አለች ሚስቴ።

እሺ አልኩ፤ ግን እትዬ ቤት አናድርም። አምስት ሆነን ሄደን በስልሳ ዓመቷ ከአልጋዋ አናስነሳትም።

«እህትህ እዚያው ከተማ እያለች ክፍል ልትከራይ? ትረግምሃለች!»

«ትርገመኝ። ብቻ ተኝታ ትርገመኝ።»

የአውሮፕላኑ ትኬት ያጠራቀምነውን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። ሆቴል ስጠይቅ፣ አምስት ሰው ከሆናችሁ ሁለት ክፍል ያስፈልጋችኋል ይሉኛል። ሁለት ክፍል ሲሉ ስልኩን እዘጋለሁ። መጨረሻ ላይ ካርቱም አንድ ጣሪያ ሥር የኖርን፣ እሱም ሊድስ የደረሰ ባልንጀራዬ ትዝ አለኝ። እሁድ የስልክ ዋጋ ይቀንስ ስለነበር ወደ ገበያ ሳልወጣ ደወልኩለት።

«ለቤተሰብ የሚሆን ርካሽ ክፍል ፈልግልኝ። እትዬ ግን እንዳትሰማ።»

«እናቴ ትሙት፣ ስምህን አላነሳም!»

በሁለተኛው እሁድ ተገኘ አለኝ። ባሏ የሞተባት አንዲት ፈረንጅ ፎቋን ታከራያለች፤ ማብሰያም አለው። የነገረኝ ዋጋ ደህና ነበር። እኔ ግን ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ በተጠራ ዋጋ ምንም ገዝቼ አላውቅም።

«ትንሽ ዝቅ አይልም?»

«እስቲ ላስጠይቅ» አለ።

በሳምንቱ ዝቅ አለ። አንዴ ከወረደ ማን ያቆማል? «ልጆቹኮ ትንንሾች ናቸው፤ ሦስቱም ባንድ አልጋ ይተኛሉ በላት» አልኩት። እንደገና ወረደ።

«ውቅያኖስ ተሻግሬ ከፈረንጅ ዋጋ አስቀነስኩ» ብዬ ሚስቴ ላይ ተኮፈስኩ።

«ጣሪያ የሌለው ይሆናል» አለችኝ።

ኬንት ቢሆን፣ አንድ ሰው ሳይከራከር ሁለት ጊዜ ሲቀንስልኝ ዕቃውን ገልብጬ አያለሁ። ያን ጊዜ ግን ደስታው አሳወረኝ።

ሊድስ የደረስነው ጾሙ በገባበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ሐሳባችን ሻንጣ አስቀምጠን፣ የልጆቹን ፊት አጥበን፣ እትዬ በር ላይ ድንገት ከች ማለት ነበር። ባልቴቷ በሩን ከፍታ ወደ ወጥ ቤት አስገባችን። ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ተከምሯል፤ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ትተኩሳለች። ባልቴቷ እንግዶቹ መጡ ስትላት ዞረች።

እትዬ ናት። ካውያውን እንደያዘች አየችኝ፣ ልጆቹን አየች፣ እንደገና እኔን አየች።

«አንተ! ችግረኞቹ እናንተ ናችሁ?»

ስማ እስክትጨርሰን ድረስ ማን እንደሳቀና ማን እንዳለቀሰ አይለይም ነበር። ነገሩ የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። ባልንጀራዬ ቃሉን ጠብቋል፤ ስሜን አላነሳም። ከአሜሪካ የሚመጣ አቅም የሌለው ቤተሰብ አለ ብሎ ብቻ ነገራት። ሊድስ ለገባ ሐበሻ ሁሉ ቤት የምታፈላልገው እሷ ናት፤ ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ዋጋው ዝቅ ይበል ስል፣ እትዬ ለባልቴቷ አንሶላ ልትተኩስላት ተስማማች። አሁንም ዝቅ ይበል ስል፣ ደረጃውንም ልትወለውል ጨመረችበት። እኔ ሲያትል ቁጭ ብዬ ሸክም አልሆንባትም እያልኩ፣ በየእሁዱ ሥራ እጨምርባት ነበር።

ቦርሳዬን አውጥቼ መጀመሪያ የተባለውን ዋጋ ልክፈል አልኩ። እትዬ ተቆጣች።

«ቃሌን የሰጠሁበት ውል ነው! ገንዘብህን አስገባ።»

«እንግዲያው ውሉን እኔ ልጨርሰው።»

«አንተ መተኮስ ታውቃለህ?»

«አሮጌ ብርድ ልብስ አዲስ አስመስዬ የምሸጥ ሰው ነኝ።»

ካውያውን ከእጇ ወሰድኩ። ሚስቴ ወንበር ሳበችላት፤ እትዬም ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ነበር። ልጆቹ የልደት መዝሙር ጀመሩ።

«የማን ልደት ነው?»

«ያንቺ ነዋ፣ እትዬ። ስልሳ ሞላሽ።»

«ሂድ ወዲያ! በጾም?» አለች። ትንሹን ግን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መዝሙሩን እንደገና አስዘፈነችው።

አንሶላውን ጨርሼ ደረጃውን ወለወልኩ። እትዬ ከላይ ቆማ «ጥጉን! ጥጉን ረሳኸው!» ትለኛለች። ሚስቴ ደግሞ «ፎቶ ላንሳው እንዴ?» እያለች ትስቃለች።

ሲመሽ እትዬ ወደ ሻንጣዎቹ ሄደች። «በሉ አንሱ፤ ቤቴ ነው የምታድሩት» አለች።

«እትዬ፣ የዚህን ቤት ኪራይ በላቤ ከፍያለሁ።»

ደረጃውን ላይ ታች አየችው። ባቡር ጣቢያ ያህል ያበራ ነበር።

«እሺ፣ ለፍተህበታልና እደርበት» አለች። ጫማዋን አጠለቀች። «ነገ ግን ምሳ እኔ ጋ ነው። ሽሮ ነው፤ እንዳታረፍዱ።»

በሩን ከውጭ ሳበችና አልጋዋ ላይ ልትተኛ ወደ ቤቷ ሄደች።